ሮበርት ኮክ እና የቲቢ የቆዳ ምርመራ

ወደ ውጭ አገር ሄደው ገና እንደደረሱ የቲቢ የቆዳ ምርመራ ታዘዘልዎት እንበል። ክንድዎን ተወጉ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ሲታይ ቦታው አብጧል። ብዙ ሰው ይሄኔ የመኖሪያ ፈቃዴ ሊቀር ነው ብሎ ይደነግጣል። የምርመራው መነሻ የሆነውን ሐኪም ሕይወት ቢያውቁ ግን ድንጋጤዎ ይቀንሳል።

ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1843 በጀርመን ተወለደ። የገጠር ሐኪም ሆኖ ሲሠራ በትርፍ ሰዓቱ ማይክሮስኮፕ ላይ ያመሽ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ቲቢን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን አስታወቀ። ዛሬ የዓለም የቲቢ ቀን የሚከበረው በዚሁ ዕለት ነው።

በ1890 ደግሞ ከባክቴሪያው ያወጣውን ቱበርኩሊን የተባለ ፈሳሽ ለበሽታው መድኃኒት ነው ብሎ አቀረበ። ሕሙማን በርሊንን አጥለቀለቋት። መድኃኒቱ ግን አላዳነም፤ የባሰባቸውና የሞቱም ነበሩ። ምን እንደያዘ መጀመሪያ ላይ መደበቁ፣ በእኔ እምነት፣ የሥራ ዘመኑ ትልቁ ጥፋት ነው።

ያም ሆኖ ፈሳሹን ራሱ ላይ ሞክሮት ነበር። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አንቀጠቀጠው፣ አሳለው፣ ትኩሳቱም ወደ 40 ዲግሪ ተጠጋ። ዛሬ ይህን የምናነብ ሐኪሞች የምንረዳው ባክቴሪያው በሰውነቱ ውስጥ ተኝቶ እንደነበረ ነው። ኮክ ግን ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ያህል ሠራ፤ በ1905 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1910 በ66 ዓመቱ የሞተውም በልብ ሕመም ነው።

ፒርኬ በ1907፣ ማንቱ በ1908 በጥቂት ቱበርኩሊን የሚሠራ የቆዳ ምርመራ አዘጋጁ። ያላዳነው ፈሳሽ መመርመሪያ ሆነ።

እንግዲህ የክንድዎ ማበጥ ብቻውን ታመዋል ማለት አይደለም። በልጅነት የተወሰደ የቢሲጂ ክትባትም ሊያሳብጠው ይችላል፤ የደም ምርመራው ግን በክትባቱ አይሳሳትም። ባክቴሪያው የተኛበት ሰው ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ሆኖም ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ይነቃል። በአሜሪካ ከቲቢ ሕሙማን አብዛኞቹ ውጭ አገር የተወለዱ ናቸው፤ ብዙዎቹም የታመሙት ከቆየ ኢንፌክሽን ነው። አዲስ ገቢዎች የሚመረመሩት ስለዚህ ነው፤ ሳይነቃ ከተገኘ እርስዎም፣ አብረዎት የሚኖሩ ልጆችም ይተርፋሉ።

ቀጥሎ የደረት ራጅ ይነሣሉ። ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለብዎት አይደብቁ። በሽታው ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ሕክምና ይድናል። ራጁ ንጹሕ ከሆነና ምልክት ከሌለብዎት የመከላከያ ክኒን፣ ብዙውን ጊዜ ለ3 ወይም ለ4 ወር፣ ሊታዘዝልዎት ይችላል። የጉበት ሕመም ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ክኒኑን ጀምረው ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ መውሰዱን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።