ጆን ማካርቲና የአውቶማቲክ ማኅደረ ትውስታ አስተዳደር አመጣጥ

ጆን ማካርቲ በ1927 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቦስተን ተወለዱ። አባታቸው ከአየርላንድ፣ እናታቸው ከሊትዌኒያ የፈለሱ ነበሩ። በ1951 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ነው፤ የመተግበሪያ ጸሐፊዎች በየዕለቱ የሚገለገሉበት ሌላው ሥራቸው ግን እምብዛም አይወሳም።

በ1958 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊስፕ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መንደፍ ጀመሩ። ሊስፕ መረጃን በጠቋሚዎች በተያያዙ ዝርዝሮች ይይዛል። አንድ ዝርዝር ከብዙ ቦታ ሊጠቆም ስለሚችል፣ የያዘው ማኅደረ ትውስታ መቼ መለቀቅ እንዳለበት ፕሮግራመሩ ራሱ መከታተል ይቸግረዋል። አንዱ መፍትሔ እያንዳንዱ መረጃ ስንት ጠቋሚ እንዳለው መቁጠር ነበር። በአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር ግን በአንድ የማኅደረ ትውስታ ቃል ውስጥ የተረፈው 6 ቢት ብቻ፣ ያውም የተበታተነ ስለነበር ለቆጠራው የሚበቃ ስፍራ አልተገኘም። ማካርቲ ሌላ መንገድ መረጡ፦ ነጻ ቦታ እስኪያልቅ ምንም አለመሥራት፤ ሲያልቅ ፕሮግራሙ በቀጥታ ከያዛቸው ጠቋሚዎች ተነሥቶ የሚደረስበትን ሁሉ ምልክት ማድረግ፤ ያልተደረሰበትን ደግሞ ወደ ነጻ ቦታ መመለስ።

የሁለቱን ልዩነት ለድሬዳዋ ተማሪ በከተማዋ የቀድሞ ምድር ባቡር ጣቢያ ማስረዳት ይቻላል። ከሎኮሞቲቭ ጋር በቀጥታም ሆነ በሌላ ፉርጎ በኩል የተያያዘ ፉርጎ በሥራ ላይ ነው። ሁለት ፉርጎዎች እርስ በርስ እንደተያያዙ ከሎኮሞቲቩ ቢለዩስ? ቆጠራ እያንዳንዳቸው አንድ ማያያዣ ስላላቸው በሥራ ላይ ናቸው ይላል፤ የማካርቲ ዘዴ ግን ስለማይደርስባቸው ሐዲዱን ያስለቅቃል። የቆጠራን ዘዴ ጆርጅ ኮሊንስ በ1960 አሳተሙ። ዛሬ በስዊፍት የሚጽፍ ጀማሪ እንዲህ ያለውን ቀለበት በደካማ ጠቋሚ ራሱ መቁረጥ ያለበት ቋንቋው ቆጠራን ስለሚከተል ነው። በአንድሮይድ ላይ በጃቫ ወይም በኮትሊን የሚጽፈው ከቀለበቱ ቢድንም ሥጋቱ አይቀርለትም፤ ሥራው ያለቀ የመተግበሪያ ገጽ በስታቲክ ተለዋዋጭ ተይዞ ከቀረ፣ ሰብሳቢው ስለሚደርስበት አይለቀውም።

የማካርቲ ዘዴ ፕሮግራሙን ባልታሰበ ሰዓት ያቋርጣል። ሊስፕ ለኢንዱስትሪ ተጋባዦች በቀረበበት አንድ ሠርቶ ማሳያ መካከል ነጻ ቦታ አለቀ። ሰብሳቢው በሰከንድ 10 ፊደል በሚጽፍ ማሽን የአንድ ሙሉ ገጽ ዘገባውን ማተም ያዘ፤ ለታዳሚው ስለ ሰብሳቢው አስቀድሞ የተነገረ ነገር አልነበረም፤ ሰዓቱም በሳቅ አለቀ። ማካርቲ ዘዴውን በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ሲገልጹ፣ ባልደረቦቻቸው የለመዱትን «ቆሻሻ መሰብሰብ» የሚል ስም አልተጠቀሙበትም።

በ1962 ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ በ1971 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ። ጥቅምት 24 ቀን 2011 በ84 ዓመታቸው በስታንፎርድ ዐረፉ።