ፍሬድሪክ ባንቲንግ፦ ኢንሱሊንን ለታማሚዎች ያደረሰው ሐኪም

ለእርስዎ ወይም ለቤተሰብዎ አባል ኢንሱሊን ሲታዘዝ ደንግጠው ይሆናል። በሥራዬ ላይ ኢንሱሊን መጀመር ማለት ነገሩ አበቃለት ማለት ነው ብለው የሚሰጉ ብዙ ሰዎች ይገጥሙኛል። የመድኃኒቱን ታሪክ ካወቁ ግን ፍርሃትዎ ሊቀንስ ይችላል።

ባንቲንግ በ1891 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኦንታሪዮ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1916 በሕክምና ተመርቆ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሐኪምነት ዘመተ፤ እዚያም ቆሰለ። ከጦርነቱ በኋላ ክሊኒክ ቢከፍትም ታካሚ እምብዛም አልመጣለትም።

በዚያ ዘመን ዓይነት 1 የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። ሐኪሞች ማድረግ የሚችሉት ምግቡን እጅግ መቀነስ ብቻ ነበር፤ ልጁም በረሃብ እየከሳ ጥቂት ጊዜ ይኖራል።

ባንቲንግ በ1920 ስለ ቆሽት ያነበበው ጽሑፍ ሐሳብ ሰጠው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ፈቀዱለት፤ ተማሪው ቻርልስ ቤስትም አገዘው። በ1921 ከቆሽት ያወጡት ፈሳሽ ስኳር የያዛቸውን ውሾች የደም ስኳር ቀነሰ።

በጃንዋሪ 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ፈሳሹ በደንብ ስላልተጣራ ብዙም አልረዳውም። ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ ካጣራው በኋላ፣ ከ12 ቀን በኋላ በድጋሚ ሲወጋ የደም ስኳሩ ወረደ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል።

ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብቱን እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ብቻ ለዩኒቨርሲቲው ሸጡ። በ1923 ባንቲንግና ማክላውድ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ፣ ባንቲንግ የገንዘብ ድርሻውን ለቤስት አካፈለ። በ1941 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የልደት ቀኑ ኖቬምበር 14 ዛሬ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው።

ኢንሱሊን ለምን በመርፌ ይሰጣል?
ኢንሱሊን ከ51 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፕሮቲን ነው። ቢዋጥ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። ቀድሞ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ከ1982 ጀምሮ ግን ባክቴሪያ የሚያመርተው የሰው ኢንሱሊን ለገበያ በቅቷል።

አዲሶቹ የክብደት መቀነሻ መርፌዎችስ?
እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት መድኃኒቶች ኢንሱሊን አይደሉም። ጂኤልፒ-1 የተባለውን የአንጀት ሆርሞን አስመስለው የተሠሩ ናቸው። ስኳር ሲጨምር ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይረዳሉ፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳሉ። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ቆሽት ግን ኢንሱሊን ማምረት ስላቆመ ወይም እጅግ ስለቀነሰ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ኢንሱሊንን አይተኩለትም።

ስለዚህ ሐኪምዎን ሳያማክሩ ኢንሱሊን አያቋርጡ፤ በሌላ መርፌም አይተኩት። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም በሰዓታት፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ካዩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።