ዊንጌትና የጎጃም ዘመቻ

በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ስም የተጠራውን ትምህርት ቤት ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አለ ብለን አንገምትም። ሰውዬው ግን ማን እንደ ነበረ፥ በተለይም እኛ በምንማርበት በዚህ በጣና ዳርና በጎጃም ምድር ምን እንደ ሠራ ብንጠያየቅ፥ ብዙዎቻችን ከአንድ ዐረፍተ ነገር የማያልፍ መልስ እንሰጣለን። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ለመጻፍ ተነሣን።

ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት የካቲት 19 ቀን 1895 ዓ.ም. በሕንድ አገር ናይኒታል በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል የሚይዙ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ስለ ነበሩ ብሉይ ኪዳንን ከልጅነቱ ጀምሮ አጥንቶታል። በእንግሊዝ አገር የጦር ትምህርቱን ፈጽሞ የመድፈኛ መኰንን ከሆነ በኋላ ዐረብኛ ተማረና ከ1928 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. በሱዳን መከላከያ ጦር ውስጥ የሱዳን ወታደሮችን አዘዘ። የዘበኝነት ክልሉ ደግሞ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋ የሚወርዱት የዲንደርና የራሃድ ወንዞች የሚያጠጡት በረሃ ነበረ። ሥራው ባሪያ ነጋዴዎችንና የዝሆን አዳኞችን ማሳደድ ነበረና፥ የእኛን አገር ሰው መጀመሪያ ያወቀው አድፍጦ ሲይዘው ነው። ይህን መጻፍ ደስ ባያሰኝም እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ፍልስጥኤም ተልኮ በ1938 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ወታደሮችንና የአይሁድ ወጣቶችን ቀላቅሎ የሌሊት ጦር አቋቋመ። ለአይሁድ ዓላማ ከመጠን በላይ ስላደላ አለቆቹ ከዚያ አገር አስወጡት። ጠባዩ አስቸጋሪ ነበረ። ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፍሬ ይበላል፥ ከውሃ ይልቅ በብሩሽ ገላውን ይፈትጋል፥ የበላዮቹን ፊት ለፊት ይናገራል፤ በበታቾቹም ላይ እጁን ያነሣ ነበር።

ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ ወደ ካርቱም ተላከ። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በአነስተኛ አውሮፕላን የዐባይ ምንጭ ባለበት በሰከላ አገር ለዚሁ ተብሎ በተደለደለ ሜዳ ላይ አረፈ። እዚያ የጠበቀው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነበረ። ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በፊት በአገራችን ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ከነበሩት ከአዛዥ ከበደ ተሰማ ጋር በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጎጃም ገብቶ፥ እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ የነበሩትን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን ለማስማማት ብዙ ደክሟል። ዊንጌት ግን የሁለት ቀን ያህል ጉብኝት አድርጎ የራሱን አሳብ ይዞ ተመለሰ። አሳቡም፥ ለአርበኛው መሣሪያና ገንዘብ ከማደል ይልቅ ጥቂት የሠለጠነ ጦር አስገብቶ ማዋጋት ይሻላል፥ አርበኛው አይቶ ይከተላል የሚል ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ዊንጌት ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ የጌዴዎን ጦር ብሎ የሰየመው ሠራዊት 2,000 ያህል ሰው ነበረ። ዋናዎቹ የሱዳን ድንበር ጠባቂ ሻለቃና ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበሩ፤ ይህም ሁለተኛው በስደት ኬንያ ከነበሩ ወገኖቻችን የተመለመለ ነው። ስንቁን የጫኑት ግመሎች 15,000 ያህል ነበሩ ይባላል። የቆላ ከብት ወደ ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚያገኘው ለጎጃም ገበሬ አይነገረውም፤ ከእነዚያ ግመሎች በሕይወት የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

በጎጃም የነበረው የጠላት ጦር ከ30,000 በላይ ነበር። የዳንግላው አዛዥ ኮሎኔል ቶሬሊ በየካቲት ወር ከተማውን ለቆ፥ የመንገሻ አርበኞች እየተኮሱበት፥ ወደ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ሸሸ። ዊንጌትም በሻለቃ ሳይመንድስ የሚታዘዝ ትንሽ ጦር ወደዚህ ላከ። የዚህ ጦር ሥራ ባሕር ዳርን መያዝ አልነበረም፤ ቶሬሊ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ቡሬን እንዳይረዳ ማገድ ነበር። ስለዚህ የእኛ ከተማ ስም በዘመቻው ታሪክ ውስጥ በድል ሳይሆን በመጠበቅ ይነሣል።

ቡሬን የያዘው ኮሎኔል ናታሌ የመጣበት ጦር ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ስላላወቀ የካቲት 25 ቀን ለቆ ወጣ። በሁለት ቀን ውስጥ፥ ቀድሞት በደምበጫ አጠገብ በወንዝ ዳር ከሰፈረው ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ሳይታሰብ ተጋጠመ። ሻለቃው በቁጥር ብዙ እጥፍ ከሚበልጠው ጦር ጋር ለሰዓታት ተታኰሰ፤ ከሰዎቹም ብዙዎቹ ወደቁ። ጠላት ጥሶ አለፈ፥ ነገር ግን ተጎድቶ ነው ያለፈው። በውጭ አገር በተጻፉት የዊንጌት ታሪኮች ይህ ውጊያ ባጭሩ ይታለፋል፤ እኛ ግን ከዘመቻው ሁሉ ሊነገር የሚገባው እርሱ ይመስለናል።

ስለ አርበኞችም የምንለው አለን። ኢጣሊያኖች ከምሽጋቸው ርቀው ለመንቀሳቀስ የሚፈሩት ዊንጌት ስለ መጣ አልነበረም። በዳንግላ በኩል መንገሻ፥ በቡሬ በኩል ነጋሽ፥ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ፥ ሌሎችም ለዓመታት ስላስጨነቋቸው ነው። በ2,000 ሰው 30,000 ማባረር የተቻለው ገጠሩ አስቀድሞ ከጠላት እጅ ወጥቶ ስለ ነበረ ነው። ዊንጌት ለዚህ ተገቢውን ዋጋ አልሰጠም።

ማታለልን ግን ያውቅ ነበር። ደብረ ማርቆስ በተያዘ ጊዜ የከተማው ስልክ ሲጮኽ፥ ጣልያንኛ የሚችል አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አንሥቶ ብዙ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ነው ብሎ በዐባይ ማዶ ላሉት አወራላቸው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ እየመራ ከፊት ሄደ። ከዚያም ከራስ ካሣ ጋር ሆኖ፥ ከጎጃም የወጣውን የኮሎኔል ማራቬንታኖን ብዙ ሺህ ጦር በአጊባር አጠገብ ግንቦት 15 ቀን አስማረከ።

ሽልማቱ ምን ሆነ? ጦሩ ወዲያው ተበተነ፥ ማዕረጉም ወደ ሻለቃነት ወረደ። ኢትዮጵያን ነጻ ለማውጣት እንጂ ለመያዝ አልመጣንም የሚል አቋሙ፥ አገራችንን እንደ ተያዘ የጠላት ግዛት ለማስተዳደር ለሚሹት መኰንኖች አልጣማቸውም ነበር። በወባ ታሞ፥ ተስፋ ቆርጦ፥ ሰኔ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ካይሮ በሆቴሉ ክፍል ውስጥ አንገቱን በቢላ ቈረጠ። በአጠገቡ ክፍል የነበረ መኰንን ድምፅ ሰምቶ ደረሰለትና ተረፈ።

ኋላ በበርማ ጫካ ቺንዲት የተባለውን ጦር ከጃፓኖች ጀርባ አዝምቶ በዓለም ታወቀ፥ ሜጀር ጄኔራልም ሆነ። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የተሳፈረበት የአሜሪካ አውሮፕላን በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ተራራ ላይ ወድቆ ከነአብራሪዎቹ ሞተ። አጥንቶቻቸውን መለየት ስላልተቻለ፥ በ1943 ዓ.ም. ሁሉም በአንድነት ወደ አሜሪካ ተወስደው በአርሊንግተን መቃብር ተቀበሩ።