ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ ሠዓሊው

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ከሐዲ የጻፈው መጽሐፍ ይነበባል ወይስ አይነበብም የሚል ነበር። መጽሐፉ በ1908 ሮማ ላይ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ሁሉ በኵር። (ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከተከራካሪዎቹ አንዱም ደራሲው አስቀድመው ሠዓሊ እንደ ነበሩ አላነሣም። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳን አልፈን ነፋስ ልንቀበል የምንወጣበት እንጦጦ ግን የሚያውቃቸው በሠዓሊነታቸው ነው።

አፈወርቅ በ1868 ጣና ዳር፣ ዘጌ ተወለዱ። በ1887 ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣልያ ተልከው በቱሪኖ አልቤርቲና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ።

ይህ ምን ያህል የራቀ መንገድ እንደ ነበረ ለመረዳት የሁለቱን አገር አሣሣል ማስተያየት ያስፈልጋል። በአገራችን ሠዓሊ መልክን የሚማረው ከመምህሩ እጅ ነው። ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ኃጥእ በጎን ተሥሎ አንድ ዐይን ይቀረዋል፤ ሽማግሌነት በነጭ ጢም ይታወቃል። የማን ሽማግሌ እንደ ሆነ ግን ጢሙ አይናገርም፤ እንዲናገርም አይፈለግም። በዚያ ዘመን በነበሩት የአውሮጳ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተማሪው መጀመሪያ የጀሶ ቅርጽ እያየ ይነድፋል፤ ቀጥሎ ሕያው ሰው ፊቱ ይቀመጥለታል። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሽማግሌ ነው፤ አጥንቱ የወጣ፣ ግንባሩ የተሸበሸበ፣ ከዐይኑ ሥር ያለው ቆዳ የላላ ሽማግሌ ብርሃንና ጥላን ለማጥናት ይመቻልና። የዘይት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ የቆዳውን ወዝ እያደባለቁ ደጋግመው ይሞክሩበታል። ደንቡ አንድ ነው፤ ያየኸውን ሣል፣ አታሳምር።

አፈወርቅ ይህን ተምረው ተመለሱና በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን እንዲሥሉ ታዘዙ። ሥራው ግን ለደስታ አልሆነም፤ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ተጣሉ። ሁለት ዐይነት መልክ በአንድ ግድግዳ ላይ አልስማማ ብሎ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ከእቴጌ ጋር ተጣልቶ በዚያ ቤተ መንግሥት መክረም እንዴት ይቻላል?

በ1894 ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ወደ ስዊስ ሄዱ። ጉግሣ ዳርጌና ቅጣው ዘአማኑኤልም አብረው ነበሩ። የዐድዋ ጦርነት ሲመጣ ሦስቱም ወደ ጠላት ወገን ዞሩ። ይህን ለማለስለስ የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልችልም። አገር ሁሉ ወደ ዐድዋ ሲተም እርሳቸው ከማዶ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ቡርሹን ብዕር ተካው። ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ አማርኛ አስተማሩ፤ በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በኢጣልያንኛ አሳተሙ፤ ከልብ ወለዱ ቀጥሎም የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ጻፉ። አማርኛቸው! ቃላቱ እንደ ጤፍ የበዙለት ሰው ነው የሚመስሉት። ለአገራቸው የበቁት የእቴጌይቱ ሥልጣን ካበቃ በኋላ ሲሆን፣ ነጋድራስ ተብለው በድሬዳዋ ጉምሩክ ተሾሙ፤ ከ1925 ወዲህም በሮማ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ።

ፋሺስት አገሪቱን ሲይዝ ሁለተኛው ክሕደት መጣ። ዳኝነት ተቀበሉ፤ በአፈ ንጉሥ ፈንታ «አፈ ቄሣር» ተባሉ። አንደኛውን በወጣትነትና በቂም ማመካኘት ይቻል ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን የሰባ ዓመት ሰው ነበሩ።

በ1941 ነጻነት ሲመለስ ተከሰው ወደ ጅማ ተጋዙ። አሁን እርሳቸው ራሳቸው ቱሪኖ ላይ ተማሪ ሊሥለው የሚመኘው ዐይነት ሽማግሌ ሆነው ነበር። በ1947 እዚያው ጅማ ሲሞቱ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ዐይናቸውም ጠፍቶ ነበር።