ቼሻየር የሚለው ስም ከየት መጣ?

ድሬዳዋ ልጅ ሆኜ፣ ሰፈራችን ውስጥ ልጇን አዝላ ትምህርት ቤት የምታመላልስ እናት ነበረች። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መራመድ አይችልም። በድሬ ሙቀት የስምንት ዓመት ልጅ አዝሎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ደቻቱ አሸዋ ላይ ደግሞ ዊልቸርም ቢኖር ጎማው ይሰምጣል። በሱ ምክንያት ሻይ ቡና መሸጧንም ትታ ነበር። ሴቶቹ ባገኟት ቁጥር ቼሻየር እንድትወስደው ይመክሯት ነበር።

እኔ ያኔ ቼሻየር የመድኃኒት ስም ይመስለኝ ነበር። የሰው ስም መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የገረመኝ ግን ሰውየው ሐኪም አለመሆኑ ነው። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነበር።

ሊዮናርድ ቼሻየር በ1917 እንግሊዝ አገር ቼስተር ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የታወቀ የሕግ ምሁር ነበር፤ እሱም ኦክስፎርድ ገብቶ ሕግ አጠና። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን አየር ኃይል ገባ። በዚያ ጦርነት ከእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ክፍል ከ55 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። እሱ 100 ጊዜ ያህል በርሮ በሕይወት ተረፈ። በ1944 ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለውን የአገሩን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ አገኘ። ኦገስት 9 ቀን 1945 ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ደግሞ የእንግሊዝ ታዛቢ ሆኖ ከሌላ አውሮፕላን ላይ አየው። 28 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ ከአየር ኃይል ወጣ። የቀድሞ ወታደሮች አብረው የሚኖሩበት ማኅበር አቋቁሞ ሞከረ፤ አልተሳካም። ሌ ኮርት የሚባል ትልቅ ቤትና ዕዳ ብቻ ቀረለት። በ1948 ከማኅበሩ አባላት አንዱ የነበረው አርተር ዳይክስ በካንሰር ሊሞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሆስፒታሉ ከዚህ በላይ የማደርገው የለም አለ። ዳይክስ ደግሞ የሚሄድበት ቤት የለውም። ቼሻየር ወደዚያው ባዶ ቤት ወሰደው። ነርስ የለም፣ ገንዘብ የለም። የሚያበስለው፣ የሚያጥበው፣ ሌሊት የሚነሳው ራሱ ጀግናው ነው።

ዳይክስ በዚያው ዓመት ሞተ። ወሬው ግን ተሰምቶ ሌላ በሽተኛ መጣ፣ ሌላም ተከተለ፤ ቤቱ ሞላ። ከ1952 ጀምሮ ቼሻየር ራሱ በቲቢ ታሞ ሁለት ዓመት ገደማ ሆስፒታል ተኛ። ሲድን ስራውን ወደ ሕንድ ወሰደው። በ1959 እንደሱው በበጎ አድራጎት የታወቀችውን ሱ ራይደርን ቦምቤይ ውስጥ አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

ስራው ኢትዮጵያ የገባው በ1962 ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ መናገሻ ላይ፣ የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ለጎዳቸው ሕፃናት ቤት ተከፈተ። እግራቸው ይታከማል፣ የእግር ብረትና ክራንች ይሰራላቸዋል፣ መራመድ ይለማመዳሉ። በኋላ ድሬዳዋን ጨምሮ ሌሎች ከተሞችም ደረሰ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው የቼሻየር ቤት የተከፈተው ቤት ለሌለው ሰው ነው። የሰፈራችን እናት ግን ቤት አላት፣ ፍቅርም አላት። የጎደላት ጀርባዋን የሚያሳርፍላት ነገር ነው። ድርጅቱም ከጊዜ በኋላ ይሄን የተረዳ ይመስለኛል። ልጆችን ሰብስቦ ከማኖር ባሻገር፣ ባለሙያ ወደ ሰፈርና ወደ ቤት እየሄደ እናትና አባትን ማሰልጠን ጀመረ። ልጁ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እግሩ እንዴት እንደሚታሽ፣ በምን ተደግፎ እንደሚቆም ማለት ነው። ልጁ ከእናቱ ሳይለይ ማለት ነው።

ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። የዚያች እናት ጉልበት ግን የትኛውም የአገር ገቢ ስሌት ውስጥ ሲገባ አላየሁም። ልጇ የእግር ብረትና ክራንች ካገኘ በኋላ የሆነው ግን ለኔ በደንብ ይቆጠራል። እሱ ቀስ እያለ በራሱ መሄድ ጀመረ፤ እሷም ሻይዋን መልሳ ጣደች። ሁሉም ነገር ተፈታ ማለት አይደለም። አሸዋው እንዳለ ነው፤ የክፍሉ ደረጃም እንዲሁ። ቢሆንም ጀርባዋ አረፈ።

ቼሻየር በስተመጨረሻ ሞተር ኒውሮን የሚባል፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዳክም በሽታ ያዘው። ዳይክስን ያጠበ ሰው ራሱ የሚያጥበው ሰው ፈለገ። ጁላይ 31 ቀን 1992፣ በ74 ዓመቱ አረፈ።

ሰውየው ሲጀምር ሐኪምም ሀብታምም አልነበረም። አንድ የሚያውቀውን ሰው ነው ቤቱ የወሰደው። እናንተም ሰፈር ልጇን አዝላ የምትወጣ እናት አትጠፋም። ነገ ጠዋት ስታገኟት አይዞሽ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ቢያንስ የባጃጁን ሂሳብ ቻሉላት፣ ወይም ቼሻየር የት እንደሆነ አሳዩዋት።