ጆን ሐንተርና የልቡ ደም ሥሮች

በሳይንስ ክፍላችን የበግ ልብ በተሠነጠቀ ጊዜ ብዙዎቻችን አንድ ነገር ተሳስተን ነበር። ልብ ዘወትር ደም የሞላበት ስለ ሆነ ምግቡን ከዚያው ከውስጡ የሚያገኝ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር ገና ከመነሻው በቀኝና በግራ ሁለት ቅርንጫፎች ያወጣል። ከስንዴ አገዳ የማይወፍሩት እነዚህ ሥሮች በልብ ላይ እየተከፋፈሉ ጡንቻውን ይመግባሉ። ከእነርሱ አንዱ ሲጠብ ሰውየው ዳገት ሲወጣ ወይም ሲቆጣ ደረቱን ያስጨንቀዋል፤ ፈጽሞ ሲዘጋ ግን ደም ያጣው የጡንቻ ክፍል ይሞታል። በዚህ ሕመም ስለ ሞተ አንድ ታላቅ ሐኪም ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

ጆን ሐንተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1728 ዓ.ም. በስኮትላንድ ገጠር ተወለደ፤ ለወላጆቹም ዐሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። በትምህርት ቤት ጎበዝ አልነበረም (ይህን ስናነብ ደስ ያላቸው ጓደኞች አሉን)። በ20 ዓመቱ ወደ ሎንዶን ሄዶ ታላቅ ወንድሙ ዊልያም በከፈተው የአካል ጥናት ትምህርት ቤት ሬሳ እየሠነጠቀ መማር ጀመረ። በ1768 የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆነ። ከሰውና ከእንስሳት አካልም ወደ 14,000 የሚሆን ናሙና ሰበሰበ።

ከተማሪዎቹ አንዱ፥ በኋላ በፈንጣጣ ክትባት ስሙ የተጠራው ኤድዋርድ ጄነር ነው። በሐንተር ቤት ተቀምጦ ተማረ፤ ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ ከመምህሩ ጋር መጻጻፍ አልተወም።

ከ1773 ጀምሮ ሐንተርን ደረቱን ያመው ጀመር። ቁጣው ቶሎ የሚነሣ ሰው ነበርና፥ ሕይወቱ ሊያናድደው በሚፈልግ ሰው ሁሉ እጅ እንዳለች ለወዳጆቹ ይነግራቸው ነበር።

ጄነር በዚህ ሕመም ይሠቃይ የነበረና በድንገት የሞተ የአንድ ሰው ልብ ሲቆርጥ ቢላዋው ጠንካራ ነገር ነካ። የክፍሉ ጣሪያ አሮጌ ስለ ነበረ ኖራ የወደቀበት መስሎት ቀና ብሎ ተመለከተ። ደግሞ ሲመረምር ግን የልቡ ደም ሥሮች እንደ አጥንት ጠንክረው አገኘ። የሕመሙን ምክንያት ያን ጊዜ ጠረጠረ፤ መምህሩም የታመመው በዚሁ እንደ ሆነ ገመተ። ሐንተር አንብቦት ይጨነቃል ብሎ ስለ ፈራ ግን አሳቡን ሳያሳትም ቀረ።

ስለዚህ ዝምታ በክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። እኩሌቶቻችን መምህሩን ስለ ወደደ ደግ አደረገ አልን፤ የቀሩት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እውነትን ሲፈልግ ለኖረ ሰው እውነትን መሸሸግ አይገባም ነበር አሉ። ቢያውቅስ ምን ይጠቅመው ነበር ያለም አልጠፋ። የጠበበውን የልብ ደም ሥር በትንሽ ፊኛ መክፈት የተቻለው በ1977 ነውና።

በኦክቶበር 16 ቀን 1793 ሐንተር በሆስፒታሉ ጉባኤ ስለ ሁለት ተማሪዎች መግቢያ ሲናገር አንድ ባልደረባው ተቃወመው። ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባ፤ እዚያም አቃስቶ ወደቀና ሞተ። ዕድሜው 65 ነበር። ሬሳው በተመረመረ ጊዜ የልቡ ደም ሥሮች ጄነር እንደ ጠረጠረው ሆነው ተገኙ። ጄነርም የደበቀውን አሳብ ለወዳጁ ለሐኪሙ ፓሪ ጻፈለት፤ ፓሪም በ1799 በመጽሐፉ አወጣው።