ማይክል ቡኦኖኮሬ

ማይክል ቡኦኖኮሬ (1918 – 1981 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ፕላስቲክን ከጥርስ ጋር የማጣበቅ ዘዴ ያገኘ ሲሆን፣ የልጆችን መንጋጋ ጥርስ ከመቦርቦር የሚከላከለው የጥርስ ማሸጊያ ወይም ሲላንት የመጣው ከዚሁ ሥራው ነው።

ምርምሩን ያካሄደው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ባለው የኢስትማን የጥርስ ሕክምና ተቋም ነበር። ተቋሙን ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ያቋቋመው የኮዳክ ካሜራ ኩባንያ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን ነው።

በዚያን ጊዜ ለጥርስ መሙያ የሚያገለግለው አክሪሊክ ከጥርስ ጋር በደንብ ስለማይያያዝ፣ በመካከሉ ምራቅ እየገባ ጥርሱ እንደገና ይበሰብስ ነበር። ቡኦኖኮሬ ሐሳቡን ያገኘው ከፋብሪካ ነው፤ ብረት ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ እንዲይዝ በፎስፎሪክ አሲድ ይታጠባል። እሱም 85 በመቶ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ጥርስ ላይ አድርጎ፣ ካጠበው በኋላ የአክሪሊክ ጠብታ አጣበቀበት። አሲድ ካልነካው ጥርስ ላይ ጠብታው በሰዓታት ውስጥ ሲወድቅ፣ አሲድ በነካው ላይ ለሳምንታት ቆየ። አሲዱ ኢናሜል የሚባለውን የጥርስ ውጫዊ ልባስ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ያሻክረዋል፤ ፕላስቲኩም ገብቶ ሲጠነክር እንደ ሥር ይይዛል። ጥርስን የሚያበሰብሰውም ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራው አሲድ መሆኑ ነገሩን አስገራሚ ያደርገዋል። ውጤቱ በ1955 እ.ኤ.አ. ቢታተምም ጤነኛ ጥርስን ሆን ብሎ አሲድ ማስነካት ለብዙ ሐኪሞች አልተዋጠላቸውም፤ ለዓመታትም ብዙ ተከታይ አላገኘም።

የመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ገጽ ጠባብ ስንጥቆች አሉት። ከመተማ ቆላ እስከ አዲስ አበባ የሚታወቀው መፋቂያም ሆነ የጥርስ ብሩሽ እዚያ ውስጥ አይደርስም። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ የሚበቅለው በ6 ዓመት ገደማ ነው፤ የወተት ጥርስ ሳይወድቅ ከኋላ ስለሚወጣ ወላጆች ብዙ ጊዜ ቋሚ መሆኑን አያስተውሉም። ከተነቀለ ግን ሌላ አይተካም።

ቡኦኖኮሬ ከኩዌቶ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ስንጥቆቹን ሳያኖአክሪሌት በተባለ ማጣበቂያ መድፈን በአንድ ዓመት ውስጥ መቦርቦርን በ86 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ማጣበቂያው አፍ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክር ሌላ ማሸጊያ አቀረበ።

ዛሬ የአሲዱ መጠን ወደ 37 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። ነጭ የጥርስ ሙሌትና ጥርስ ማስተካከያ ብረት የሚጣበቁትም በዚሁ ዘዴ ነው።